ቁጥር አርባ ሦስት

ባሕር ዳር፣ ከጀልባ መቆሚያው፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር፣
ሞተር በትኖ፣ ዘይት በጨርቅ ሲያብስ የሚውል፣ የሚያድር፣
ሽባባው ባሕረኛው፣ ሰፈሩ የሚጠራው “ሻምበል”፣
(ሻምበልም አልነበረ፤ ሃምሳ አለቃ፣ የሞተር ክፍል፣)
ስለ አንዲት መርከብ ያወጋል፤
ሰሚ ሲያጣ ለፒስተን ይናገራል።
እኔ ቁልፍ አቀባዩ ነኝ። አሥራ ሦስት ቁጥር ሲለኝ አሥራ ሦስት፣
አርባ ሦስት ሲለኝ ግን ቁልፍ አይደለም፤ እሷን ማለቱ ነው፣ የጎኗን ጽሕፈት።

የተወለደችው በበረዶ አገር ነው፣
በያጁ ሲተነፍስ ጢሙ በረዶ የሚሆነው።
መጀመሪያ አከርካሪ አጋደሙላት፣ አንድ ረጅም አጥንት፣
ቀጥሎ ጎድን በጎድን፣ እንደ በሬ ደረት፤
ቆዳዋን አለበሷት፣ ጣት ውፍረት ያለው ላሜራ፣
ስንቱ ዓይኑን ጣለ በዚያች ጎተራ!
ከዚያ በኋላ ነው ሆዷን የሞሉት፦
ሁለት ተርባይን፣ አንድ ናፍጣ፤ ከፊት
ባለ ሁለት አፍ መድፍ፤ ከወገቧ ላይ
አራት የሚሳይል ቱቦ፣ ሽቅብ የሚያይ።
“እንደ ቀፎ” ይላል፤ የቋሪት ልጅ አይደል?
“ንቡ ከወጣ ግን ወደ ቀፎው አይመለስም፣ ልብ በል።”

“እኔ ባሕር አላውቅም። የማውቀው ውሃ ቢኖር
ብር ወንዝ ነው፤ ክረምት ገበያተኛ ያግድ ነበር።
ጥርሴን አዩ፣ ደረቴን ለኩ፣ ‘ዋና ትችላለህ?’ አሉኝ፤
‘እችላለሁ’ አልኳቸው። ውሸቴን ነው። ላኩኝ።
ለእናቴ ጻፍኩ። ቄሱ ሲያነቡላት
‘መርከብ’ የሚለው የኖኅ መሰላት፤
‘ከየዘሩ ስንት ስንት ጫናችሁ?’ ብላ አስጽፋ መለሰችልኝ፤
ምን ልበላት? ‘መቶ ሃያ ወንድ’ ብል የምታምነኝ አልመሰለኝ።”

ከዚያማ አሥራ አራት ዓመት፤ ምጽዋ፣ ዳህላክ፣ አሰብ፣
ከወለል በታች፣ በሃምሳ ዲግሪ ግለት፣ ጩኸት ውስጥ ሆኖ ሲያስብ።
“ጨው ምስጥ ነው፤ ብረት ይበላል፤
በየቀኑ ይፋቃል፣ በየቀኑ ይቀባል።
መዶሻ ይዤ ገላዋን አንኳኳ ነበር፣ እንደ ሐኪም፤
ደህናው ‘ቅንን’ ይላል። የታመመው ‘ዱብ’፣ ከዚያ ዝም።”

ሚሳይሉስ?
“አንዴ። አንዴ ብቻ። ባዶ በርሜል ጭነን የተውነው አሮጌ ባርጅ ላይ።
እኔ ከታች ነበርኩ። ድንጋጤዋን ሰማሁ። ጭሱን ያዩት ከላይ።”
መታችው?
“መዝገቡ ‘ተመታ’ ይላል። ማታ ግን ያንኑ ጀልባ
ሞገዱ ገፍቶ ገፍቶ ወደብ መልሶ አስገባ።”

መጨረሻዋን ሲያወራ ቡሎን ያጠብቃል፣
የጠበቀውን ይፈታል፤ ድምፁ ይደርቃል።
“ወደቡ ሲያዝ በሌሊት ወጣን፤ ነዳጅ ለአንድ መንገድ ብቻ፤
ማዶ፣ የሰው አገር ደረስን። ከዚያ ወዲያ ዘመቻ
የለም። እኛ ብርድ ልብስ ተሰጠን። እሷ ለመልህቅ ተሰጠች፤
ሁለት ዓመት ቆማ፣ የወፍ ኩስ ለብሳ፣ በኪሎ ተሸጠች።
በኪሎ። እንደ ድንች።”

ትናንት እንድሪስ፣ ከጎናችን ደንገል እያሰረ፣
(ወይጦ ነው፤ ታንኳን ከጡት ጋር የተማረ፣)
“ስንት ዓመት ኖረች?” አለው፣ ቀና ብሎ ላንድ አፍታ።
“አሥራ ስምንት።” “አይ! የኔዪቱ ስድስት ወር። ውሃ ጠጥታ
ትከብዳለች። ጎትቼ አሰጣታለሁ፤ ትደርቃለች፤
ከምድጃዬ ገብታ ሽሮ ታበስላለች።
ያንተዪቱስ?”

ሽባባው ዝም አለ። ቁልፉን ተቀበለኝና መልሶ ሰጠኝ።

ዛሬ ጠዋት ግን አየሁት፣ በጢስ ዓባይ መንገድ፣ ከጅምሩ ፎቅ ሥር፤
መኪና ያራገፈው ፌሮ ተከምሯል፣ እስር በእስር።
ትንሿን መዶሻ ከኪሱ አውጥቶ አንዱን መታ፤
ጎንበስ አለ። ጆሮውን ሰጠ፣ እንደ በር አንኳኪ፣ በዝግታ።
ሌላውን መታ። ሌላውን።
ዘበኛው ዱላውን ይዞ መጣ፦ “አባቴ፣ ምን ጠፍቶብዎት ነው?”
እሱ እጁን አነሣ፣ ሰውየውን ሳያይ፦
“ቆይ አንዴ። ቆይ።”